ሽንት ይመሰክራል እንጂ አይፈርድም



ከጤና ጣቢያ ወይም ከክሊኒክ የሽንት ምርመራ ውጤት ተቀብሎ የማያውቅ ቤተሰብ በመካከላችን ጥቂት ነው። ወረቀቱ ትንሽ ናት፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከቃላቱ ፊት ለፊት አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት የመደመር ምልክት ይደረጋል። ወረቀቱን የያዘው ሰው ፊደል ወደሚያውቅ ጎረቤት ወይም ወደ ልጆቹ ኡስታዝ ይሄድና «ምን ይላል? ምን አለብኝ ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ የመደመር ምልክት ስላየ ብቻ ወደ ሐኪሙ ሳይመለስ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል። ሌላው ደግሞ «ኔጌቲቭ» የሚል ቃል በማየቱ ሕመሙ እያለበት ደኅና ነኝ ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። ሁለቱም ወረቀቱን እንደ ፍርድ ቆጥረውታል።

በቃዲ ፊት ምስክር ይሰማል፤ ምስክር ግን ዳኛ አይደለም። የት ሆኖ አየ? መቼ አየ? ሌላስ ማን አየ? ተብሎ ይጠየቃል። የሽንትም ምርመራ እንዲሁ ነው። ሽንት ስለ ሰውነታችን ውስጥ የሚመሰክር ታማኝ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ካልተጠየቀና ከሌሎች ምስክሮች ጋር ካልተመዛዘነ ያሳስታል። ይህ የእኛ ዘመን ግኝት አይደለም። የቀድሞዎቹ ሐኪሞች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የደከሙበትና የጻፉበት ጉዳይ ነው። ታሪኩን አብረን እንይ።

ከግሪክ እስከ ቀይረዋን

በግሪክ ሐኪሞች ዘንድ ሽንትን ማየት የቆየ ልማድ ነበር። በሂፖክራጥስ ስም በሚታወቁት የሕክምና አባባሎች ውስጥ በሽንት ላይ አረፋ ተንሳፎ መታየቱ የኩላሊት ሕመም ምልክት እንደሆነ ተነግሯል። ዛሬ ሽንቱ እየደጋገመ ብዙ አረፋ የሚሠራ ሰው ፕሮቲን እያፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ኩላሊቱን ይመርመር ይባላልና፣ አባባሉ ከንቱ አልነበረም።

ይህ እውቀት ወደ ዐረብኛ ከተተረጎመ በኋላ በሙስሊሞች አገር ተስፋፋ። ሽንት የሚቀመጥበት የመስታወት ብልቃጥ በዐረብኛ «ቃሩራ» ይባላል። ሐኪሞች ብልቃጡን ከማዘውተራቸው የተነሳ ቃሉ ለሽንቱ ራሱ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በዛሬይቱ ቱኒዝያ በምትገኘው በቀይረዋን ከተማ የፋጢሚዮችን ገዥ ያገለግል የነበረ ኢስሓቅ ኢብን ሱለይማን አል-ኢስራኢሊ የተባለ ይሁዲ ሐኪም «ኪታቡል በውል» ማለትም የሽንት መጽሐፍ የተሰኘ ሥራ በዐረብኛ ጻፈ። ቆስጠንጢኖስ አፍሪካዊው የተባለ መነኩሴ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢጣልያ በሚገኘው በሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሆኖ ይህን መጽሐፍ ወደ ላቲን መለሰው፤ የአውሮፓ ተማሪዎችም ለመቶ ዓመታት ተማሩበት። ልብ በሉ፤ መጽሐፉን የጻፈው ይሁዲ ነው፤ የተጻፈው በሙስሊሞች አገርና በዐረብኛ ነው፤ የተረጎመው ደግሞ ክርስቲያን መነኩሴ ነው። እውቀት በዚያ ዘመን በዚህ መንገድ ይጓዝ ነበር።

አር-ራዚና ያልተጠየቀው ጥያቄ

በዛሬይቱ ቴህራን አጠገብ በነበረችው በረይ ከተማ የተወለደው አቡበክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አር-ራዚ (የሞተው እ.ኤ.አ. በ925፣ በሂጅራ 313) በረይና በባግዳድ የሆስፒታል ኃላፊ የነበረ ታላቅ ሐኪም ነው። በሽተኞቹን ሲያክም ያየውን የሚመዘግብ ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ ማስታወሻዎቹ ተሰብስበው «አል-ሓዊ» የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ሆኑ።

ከነዚህ መዛግብት አንዱ ስለ ዐብደላህ ኢብን ሰዋዳ ይናገራል። ይህ ሰው በየጊዜው የሚመላለስ ትኩሳት ነበረበት። ትኩሳቱ አንዳንዴ በየቀኑ፣ አንዳንዴ በየሦስትና በየአራት ቀኑ፣ አንዳንዴም በየስድስት ቀኑ ይመጣል፤ ከመምጣቱ በፊት ትንሽ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ያስሸናዋል። አር-ራዚ ነገሩን አይቶ፣ ወይ ትኩሳቱ በየአራት ቀኑ ወደሚመላለሰው ዓይነት ይለወጣል፣ ወይ ደግሞ በኩላሊቱ ላይ ቁስል አለ ሲል ገመተ። ብዙም ሳይቆይ በሽተኛው ከሽንቱ ጋር መግል አወጣ። ምስክሩ ተናገረ፤ በሽታው ከኩላሊት መሆኑ ታወቀ።

የአር-ራዚን ትልቅነት የሚያሳየው ከዚህ ቀጥሎ የጻፈው ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ በእርግጠኝነት ለምን እንዳልተናገረ ራሱን ይመረምራል። ሰውየው ቀድሞም እንዲህ ያለ ትኩሳት ይመላለስበት ስለነበር ነገሩ ተደባልቆበት ነበር። በሽተኛው ሲቆም ወገቡ ላይ የሚጎትት ክብደት ይሰማው እንደሆነ ግን አልተናገረም፤ አር-ራዚም አልጠየቀውም። ቶሎ ቶሎ መሽናቱ ጥርጣሬውን ሊያጠነክርለት ይገባ ነበር። ይህን ሁሉ በብዕሩ አሰፈረ። በዘመኑ አቻ ያልነበረው ሐኪም «ይህን ሳልጠይቅ ቀረሁ» ብሎ ጽፎ ለተማሪዎቹ ሲተው ምን ያህል ትልቅ ትምህርት ነው! ብልቃጡ ውስጥ መግል ሳይታይ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነበረ፤ ሽንቱን ከጥያቄው የለየ ሐኪም ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው።

የኢብን ሲና መስፈርቶች

ከአር-ራዚ በኋላ የመጣው ኢብን ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ስለ ሽንት ሰፊ ክፍል ጽፏል። ማስረጃዎቹን በሰባት ይከፍላቸዋል፤ ቀለም፣ ውፍረትና ቅጥነት፣ ጥራትና ድፍርስነት፣ ዝቃጭ፣ ብዛት፣ ሽታና አረፋ። ሌሎች መዳሰስንና መቅመስን ይጨምሩ ነበር፤ እርሱ ግን ጸያፍ ናቸው ብሎ ሁለቱን ጣላቸው።

ከሰባቱ ማስረጃዎች አስቀድሞ ግን መስፈርት አኖረ። ሽንቱ የማለዳ የመጀመሪያው ይሁን፤ ሰውየው ከመብላቱና ከመጠጣቱ በፊት ይሁን፤ እንደ ሻፍራን ያለ ቀለም የሚያወጣ ነገር አይብላ፤ ገላው በሒና የተቀባ አይሁን፤ ሽንቱ በጠራ ብልቃጥ ይቀመጥ፤ ፀሐይና ነፋስ አያግኘው፤ ሳይቆይ ይታይ አለ። ጾም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካምና ቁጣ እንኳ የሽንትን ቀለም እንደሚለውጡ አስጠነቀቀ።

ይህ ምስክሩን ከመስማት በፊት ምስክሩ የቆመበትን ቦታ መመርመር ነው። ዛሬም በማናቸውም ላቦራቶሪ ያለ ባለሙያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ «መቼ ሸኑት? ምን በልተዋል? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

የሙሕተሲቡ ሕግ

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ የነበረው ዐብዱርረሕማን አሽ-ሸይዘሪ ገበያንና የእጅ ሙያን ለሚቆጣጠረው ለሙሕተሲብ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ ጽፏል። በውስጡም ሐኪሞች እንዴት መሥራት እንዳለባቸው ተደንግጓል። ሐኪሙ ወደ በሽተኛው ሲገባ አስቀድሞ የሕመሙን ምክንያትና የሚሰማውን ስቃይ ይጠይቀዋል፤ መድኃኒት ያዝለታል፤ በሽተኛው የተናገረውንና እርሱ ያዘዘውን ጽፎ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይሰጣል። በማግስቱ ተመልሶ በሽታውንና ቃሩራውን ያያል፤ እንደገናም ይጠይቃል፤ እንደገናም ይጽፋል። በሽተኛው ከዳነ ሐኪሙ ክፍያውን ይቀበላል። ከሞተ ግን ቤተሰቡ ወረቀቶቹን ይዘው ወደ ሐኪሞች አለቃ ይሄዳሉ። አለቃው ሥራው በሙያው ደንብ መሠረት የተሠራ ሆኖ ካገኘው ዕድሜው ማብቃቱን ይነግራቸዋል፤ ጥፋት ካገኘ ደግሞ ከሐኪሙ ላይ ዲያ እንዲወስዱ ይፈርድላቸዋል።

ውድ አንባቢያን፣ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ። መጀመሪያ ጥያቄው ነው፤ ብልቃጡ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በሽተኛው ቤት የሚቀረው ወረቀትም ፍርድ አልነበረም፤ ሐኪሙ የሚጠየቅበት መዝገብ ነበር።

ብልቃጡ ጥንቆላ ሲሆን

እውቀቱ ወደ አውሮፓ ከተሻገረ በኋላ ብልቃጡ የሐኪም ምልክት ሆነ፤ በዚያ ዘመን ሥዕሎች ሐኪም የሚታወቀው ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ነው። እየቆየ ግን ነገሩ ተበላሸ። የሽንት ቀለሞች በክብ ሠንጠረዥ ተሥለው መታተም ጀመሩ፤ ቀለሙን ከሠንጠረዡ ጋር አስተያይቶ የበሽታውን ስም መናገር በቂ መሰለ። በሽተኛው ቤቱ ተኝቶ አገልጋዩ ሽንቱን ይዞ ይሄዳል፤ ተመልካቹም በሽተኛውን ሳያይ፣ ሳይዳስስና ሳይጠይቅ በሽታውን፣ የሚሞትበትን ቀን፣ ሴት እንደሆነች ደግሞ የፅንሷን ጾታ ሳይቀር ይናገራል። ሕክምናው ወደ ጥንቆላ ወረደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1637 ቶማስ ብሪያን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እነዚህን የሽንት ነቢያት የሚያጋልጥ መጽሐፍ አሳተመ።

በዚህ ውስጥ ጥፋቱ የሽንቱ አልነበረም። ጥፋቱ ምስክሩን ዳኛ ያደረጉት ሰዎች ነበር።

ማንኪያና ሻማ

ከዚያ በኋላ ነገሩን ያስተካከለው ማስረጃ በተግባር መሞከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1674 ቶማስ ዊሊስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም የስኳር በሽተኞች ሽንት ማር ማር እንደሚል ጻፈ። በ1776 ማቲው ዶብሰን የተባለው የሊቨርፑል ሐኪም እንዲህ ያለውን ሽንት አትንኖ የቀረው ስኳር መሆኑን አሳየ። በ1764 ኢጣልያዊው ዶሜኒኮ ኮቱኞ ሰውነቱ ያበጠ በሽተኛ ሽንት በእሳት ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጭ እንደሚረጋ ጻፈ። በ1827 ደግሞ ለንደን ውስጥ በጋይ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት የሰውነት ማበጥን፣ በሽንት ውስጥ ያለን ፕሮቲንና የታመመ ኩላሊትን አንድ ላይ አገናኘ። መሣሪያው ምን ነበር? ማንኪያና ሻማ። ሽንቱን በማንኪያ አድርጎ ሻማ ላይ ያሞቀዋል፤ ፕሮቲን ካለበት ነጭ ሆኖ ይረጋል። ይህን ያደረገው ግን በሕይወት እያሉ ያያቸውንና የጠየቃቸውን፣ ከሞቱም በኋላ ኩላሊታቸውን ከፍቶ የመረመረውን ሰዎች ሽንት ነው። ማንኪያው የተናገረውን ከዓይኑና ከእጁ ማስረጃ ጋር አመሳክሯል።

እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ አልፍሬድ ፍሪና ባለቤቱ ሄለን ፍሪ የሠሩት፣ ሽንት ውስጥ ተነክሮ በቀለሙ ስኳርን የሚያሳይ ቁራጭ ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በጤና ጣቢያ የምናየውና ስትሪፕ የሚባለው፣ በአንድ ጊዜ እስከ ዐሥር የሚደርሱ ነገሮችን የሚያሳየው ቁራጭ የዚያ ልጅ ነው። የመደመር ምልክቶቹም የሚመጡት የስትሪፑን ቀለም በዕቃው ላይ ካለው ሠንጠረዥ ጋር በማስተያየት ነው። የቀለም ሠንጠረዥ ተመልሶ መጣ! ስትሪፑ ከድሮው ሠንጠረዥ እጅግ የታመነ ነው፤ የሰው ስንፍና ግን ያው ነው።

ወረቀቱን ስናነብ

እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ዋና ዋና ቃላት እንይ። ይህ ሐኪሙን ለመተካት አይደለም፤ ሐኪሙ ሲጠይቀን በደንብ እንድንመልስና እኛም እንድንጠይቀው ነው።

ቀለም። ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱ ይጠቁራል። ቀይ ሥር የበላ ሰው ሽንቱ ሊቀላ ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካንማ ቀይ ያደርገዋል፤ ይህ ደም አይደለምና መድኃኒቱን ማቋረጥ አይገባም። ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ግን ጉበቱና ሐሞቱ መታየት አለባቸው።

ፕሮቲን። ትኩሳት ወይም ከባድ ሥራ ለጊዜው ትንሽ ፕሮቲን ሊያሳይ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ላይ ተደጋግሞ ከታየ የኩላሊት ጉዳት ምልክት ሊሆን ይችላል። አምስተኛ ወሯን የጨረሰች ነፍሰ ጡር ፕሮቲን ከታየባት፣ ራሷን እያመማት ዓይኗ ከደበዘዘ ወይም ግፊቷ ከፍ ካለ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ስኳር። ስኳር ወደ ሽንት የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው መጠን 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ ካለፈ ነው። ስለዚህ ሽንት ላይ አለመታየቱ የስኳር በሽታ የለም ማለት አይደለም፤ ደም መመርመር ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ስኳርን ሆን ብለው በሽንት የሚያስወጡ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች አሉ፤ እነርሱን የሚወስድ ሰው ሽንቱ ላይ ስኳር መታየቱ ይጠበቃል።

ኬቶን። ሰውነት ስብን ሲያቃጥል ይወጣል። ቀኑን ጾሞ የዋለ ጤነኛ ሰው ሊታይበት ይችላልና ኢብን ሲና ስለ ጾም መጠየቁ ትክክል ነበር። የስኳር በሽተኛ ሆኖ የሚያስመልሰውና የሚደክመው ሰው ላይ ከታየ ግን ቶሎ ሕክምና የሚፈልግ አደጋ ነው።

ነጭ የደም ሴልና ናይትራይት። ብዙዎች አንቲባዮቲክ የሚገዙት እነዚህን አይተው ነው። ናይትራይትን የሚሠሩት አንዳንድ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ሽንቱ ፊኛ ውስጥ ወደ አራት ሰዓት ያህል እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ኔጌቲቭ» መሆኑ ብቻውን ኢንፌክሽን የለም አያሰኝም። ጥቂት ነጭ ሴል ብቻውን ደግሞ ኢንፌክሽን አለ አያሰኝም። ወረቀቱ ላይ ብዙ «ኢፒተሊያል ሴል» ተጽፎ ከሆነ፣ ሽንቱ ከቆዳ ወይም ከብልት በመጣ ነገር ተቀላቅሎ ይሆናልና በደንብ ተይዞ ይደገም። ሲሸና የማያቃጥለው፣ ትኩሳትም የወገብ ሕመምም የሌለው ሰው ባክቴሪያ ቢገኝበት እንኳ ብዙ ጊዜ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ነፍሰ ጡር ግን ምልክት ባይኖራትም ትታከማለች። መግሉ በተደጋጋሚ እየታየ ተራው ካልቸር ባክቴሪያ ካላገኘ ሐኪሙ የኩላሊት ነቀርሳን ሊያስብ ይችላል።

ሽንት ስንሰጥ እኛም ድርሻ አለን። ሙስሊም ቤተሰብ ከሽንት በኋላ መታጠብን ያውቃል፤ ለምርመራ ሲሆን ግን ከመሽናት በፊትም መታጠብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚወጣውን ትቶ መካከለኛውን በንጹሕ ዕቃ መያዝ፤ ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ ማድረስ፤ ሴቶች በወር አበባ ላይ ከሆኑ ለባለሙያው መንገር ይገባል። ኢብን ሲናም ሳይቆይ ይታይ ብሎ ነበር።

ደም፣ ወንዝና ሰዓት

ደምን ለብቻው ለመጨረሻ ያቆየሁት አገራችንን ስለሚነካ ነው። በሽንት ውስጥ ደም ከጠጠር፣ ከኢንፌክሽን፣ ከኩላሊት በሽታ ወይም ከካንሰር ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ባያምም እንኳ ዝም አይባልም። ከምክንያቶቹ አንዱ የሽንት ቢልሃርዝያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በካይሮ ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ትሉን በሬሳ ውስጥ አገኘው፤ በሽታውም በስሙ ተጠራ። በ1910 ደግሞ ማርክ አርማንድ ሩፈር የትሉን እንቁላል ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ በሆናቸው የግብፅ ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ ማግኘቱን አስታወቀ። በኢትዮጵያ ይህ በሽታ በአዋሽ መካከለኛና ታችኛ ሸለቆ፣ በዋቢ ሸበሌ ታችኛ ክፍልና በሱዳን ጠረፍ በኩርሙክ አካባቢ ይታወቃል። በሌሎች ቦታዎቻችን ይበልጥ የተስፋፋው የአንጀቱ ዓይነት ሲሆን፣ እንቁላሉ የሚፈለገው በሰገራ ነው።

የሽንቱ ትል እንቁላል በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ለብዙ ነገር የሚመረጠው የማለዳ ሽንት ለዚህ በሽታ አይመረጥም ማለት ነው። ታዲያ ሐኪሙ የትኛውን ሰዓት እንደሚያዝ በምን ያውቃል? «የት ነው የምትኖረው? ልጁ የሚዋኘው የት ወንዝ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ካልጠየቀ፣ ወይም እኛ ካልነገርነው፣ እንቁላሉ ከልጁ ፊኛ ውስጥ እያለ ወረቀቱ «ምንም አልተገኘም» ይላል። ወረቀቱ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ብቻ መለሰ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አር-ራዚ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ሳይጠይቅ ያለፋትን ጥያቄ የጻፈልን ለዚህ ነው። የምርመራ ወረቀት ስትቀበሉ ወደ መድኃኒት መደብር ሳይሆን ወደ ላካችሁ ሐኪም መልሷት። ያመማችሁን፣ የበላችሁትን፣ የምትወስዱትን መድኃኒትና የምትኖሩበትን ቦታ ንገሩት። ካልጠየቃችሁም እናንተ ጀምሩ። ምስክሩ ቃሉን ሰጥቷል፤ ፍርዱ ግን ሌሎቹም ምስክሮች ተሰምተው ይሁን።

ወላሁ አዕለም።